ጋዙ ሲወጣ ለድሬ ምን ይደርሳታል? ለባለ ቦቴው የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ከጅቡቲ ነዳጅ አመላልሳለሁ። አሁን ጋዙም ድፍድፉም ከኦጋዴን እየወጣ ነው ይባላል። መንግሥት ከዚህ ስንት ያገኛል? ለድሬስ የሚደርሳት ነገር አለ? ቤንዚን ይረክሳል ወይ? ዋናው ደግሞ፣ ቦቴዬን ሸጬ የጋዝ መጫኛ ልግዛ?»

አንተን የሚያስጨንቅህ የመጨረሻው እንደሆነ ገብቶኛል። እመጣበታለሁ። ግን የእሱ መልስ ከመጀመሪያው ጥያቄ ሆድ ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ትንሽ ታገሰኝ። ሥራዬ የማዕድንና የነዳጅ ውሎችን ሒሳብ ማገላበጥ ነው፤ በድሬ ደንብ «አንተ» እያልኩህ እቀጥላለሁ።

በአጭሩ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ ማለት ለመንግሥት ገንዘብ ገባ ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል ብዙ ዓመትና ብዙ ወረቀት አለ። ስንት እንደሚገባም የሚወስነው ከመሬት በታች ያለው ብዛት ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው።

መጀመሪያ ስለ ዓመቱ። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ በሚባለው ቦታ ጋዝ መኖሩ አዲስ ወሬ አይደለም። ሲንክሌር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጃንሆይ ጊዜ ኦጋዴንን ሲያስስ ኖሯል። ቴኔኮ የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብ ላይ ጋዝ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች መጥተው ፍለጋውን ቀጠሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ። የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣ፣ ሄደ። ፔትሮትራንስ የሚባል የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ፈረመ፣ ብዙም ሳይቆይ ውሉ ተሰረዘ። በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂሲኤል ገባ፣ በ2015 ዓ.ም. መባቻ እሱም ተሰናበተ። በዚህ መሃል ደግሞ በ1999 ዓ.ም. አቦሌ ላይ በፍለጋ ካምፕ ላይ በደረሰው ጥቃት ከ70 በላይ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ሞተዋል። እንዲህ ያለ ነገር በተከሰተ ቁጥር የጥበቃውም፣ የኢንሹራንሱም፣ የብድሩም ዋጋ ይወጣል፤ የጨመረው ወጪ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የመንግሥትን ድርሻ ነው የሚበላው። እንዴት እንደሚበላው አሁን ታያለህ።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሂላላ በሚባለው ሌላው የኦጋዴን ቦታ ላይ የድፍድፍ ሙከራ ተጀመረ ተብሎ አገር ሲደሰት ታስታውሳለህ። የተነገረው መጠን በቀን 450 በርሜል ነበር። አንድ በርሜል 159 ሊትር ስለሆነ ወደ 71 ሺህ ሊትር ይመጣል። ያንተ ዓይነት ቦቴ ከነተሳቢው ሁለት አይሞላም! በርሜሉን በ70 ዶላር እንኳ ብትመታው በዓመት 11 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ነው፤ ያውም ጠቅላላ ሽያጩ እንጂ የመንግሥት ድርሻ አይደለም። ኢትዮጵያ ለነዳጅ ግዢ በዓመት የምታወጣው ደግሞ በቢሊዮን ዶላር ነው የሚቆጠረው።

ከዚያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ካሉብ ላይ የፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካው ተመረቀ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ያመርታል፣ ሁለተኛው 1.33 ቢሊዮን ሊትር እንዲያመርት ታቅዷል። የሚሠራው የቻይናው ጎልደን ኮንኮርድ ነው። ይህ ከ2010ሩ ሙከራ በጣም ይለያል። እውነተኛ ምርት ነው። ቢሆንም መጠኑን በልክ እንየው። የፈሳሽ ጋዝ ሊትር ከናፍጣ ሊትር ያነሰ ጉልበት አለው፤ 111 ሚሊዮኑ ወደ 68 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ ቢተካ ነው። አገሪቱ ይህን ያህል ናፍጣ በሳምንት ገደማ ትጨርሰዋለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

መንግሥት ከነዳጅ ሥራ የሚያገኘው በብዙ መንገድ ነው። ሲፈረም የሚከፈል ቦነስ አለ፣ አንዴ ነው፣ ትንሽ ነው። ለቦታው የሚከፈል ዓመታዊ ኪራይ አለ፣ እሱም ያው ነው። ቁም ነገሩ ሦስቱ ላይ ነው፦ ሮያሊቲ፣ የምርት ድርሻና የገቢ ግብር። ሮያሊቲ ከሽያጩ ላይ ቀድሞ ይቆረጣል፤ ኩባንያው አተረፈም ከሰረም ይከፍላል። የገቢ ግብር ከትርፍ ላይ ነው፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማዕድንና የነዳጅ ኩባንያዎች የሚከፍሉት 25 በመቶ ነው። ልብ በል፣ ሌላው ድርጅት 30 ነው የሚከፍለው። ኩባንያው የራሱን ገንዘብ ይዞ መጥቶ ደረቅ ጉድጓድ ሊቆፍር ስለሚችል ነው ቅናሹ፣ እኔ አልቃወመውም።

ሰው የሚስተው የምርት ድርሻውን ነው። በምርት ክፍፍል ውል ኩባንያው መጀመሪያ ያወጣውን ወጪ ከምርቱ ላይ ይመልሳል። ከዚያ የተረፈው ነው የሚከፈለው። ቦቴህን በድርሻ ለሌላ ሰው ሰጠኸው እንበል፤ ጎማውን፣ ጋራዡን፣ ቀረጡን ልቀንስና የተረፈውን እንካፈል ይልሃል። ያለ ደረሰኝ ከተስማማህ ዓመቱን ሙሉ ጎማ ሲቀየር ትሰማለህ።

በቁጥር ላሳይህ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው፣ የካሉብ ውል ቁጥሮች አይደሉም። የ100 ዶላር ጋዝ ተሸጠ። ሮያሊቲው 8 በመቶ ነው፣ 92 ቀረ። ውሉ ኩባንያው በዓመት እስከ 60 ዶላር ወጪውን ይመልስ ይላል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪው የትየለሌ ስለሆነ 60ውን ሙሉ ይወስዳል። 32 ቀረ። ክፍፍሉ ለመንግሥት 40፣ ለኩባንያው 60 በመቶ ከሆነ መንግሥት 12.80 ያገኛል፣ ኩባንያው 19.20። ከዚህ ላይ 25 በመቶ ግብር ሲቆረጥ 4.80 ነው። የመንግሥት ድምር 25.60። ከመቶ ሩቡ ማለት ነው።

ከዓመታት በኋላ ትልቁ ወጪ ተመልሶ አልቋል፣ የሚቀረው 15 ዶላር የሥራ ማስኬጃ ነው እንበል። ያው ውል፣ ያው መቶኛ። ከ92 ላይ 15 ሲነሳ 77 ይቀራል፤ ለመንግሥት 30.80፣ ለኩባንያው 46.20፣ ግብሩ 11.55። ከሮያሊቲው ጋር የመንግሥት ድምር 50.35 ደረሰ። አንዲት ፊደል ሳትቀየር ድርሻው እጥፍ ሆነ። ስለዚህ «መንግሥት ስንት ያገኛል?» ለሚለው ጥያቄህ ሐቀኛው መልስ «በየትኛው ዓመት?» የሚል ነው። ፋብሪካው በተመረቀ ማግስት በጀቱ ላይ ለውጥ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይናደዳል።

አሁን ደግሞ ክፉውን ጎን እይ። ከ60ው ዶላር ወጪ ውስጥ 10ሩ የተጋነነ ቢሆንስ? ከእህት ኩባንያ በውድ የተገዛ ኮምፕረሰር ሊሆን ይችላል፤ «የዋና መሥሪያ ቤት ወጪ» ተብሎ በደፈናው የተጻፈ፣ ወይም ሥራው ሳይጀመር የተከፈለ የአማካሪ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ኦዲተሩ 10ሩን ቢጥለው የመንግሥት ድርሻ ከ25.60 ወደ 31.10 ይወጣል። ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር 5.50 ማለት ነው፣ በአንድ ኦዲተር ብዕር። በብዙ ውሎች ደግሞ ለዚህ ኦዲት የጊዜ ገደብ አለ፤ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ያልተጠየቀ ወጪ እንደጸደቀ ይቆጠራል። እኔ ብጠየቅ ሮያሊቲውን ከ8 ወደ 10 ለማድረስ ከመከራከር ይልቅ የነዳጅ ሒሳብ የሚያውቁ ጥሩ ኦዲተሮችን መቅጠር እመርጣለሁ። ግን ኦዲተር ሲቀጠር ሪባን አይቆረጥም፣ ካሜራም አይመጣም።

የሕጉ መሠረት ያረጀ ነው። የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295/1978 የደርግ ጊዜ ሕግ ነው። ሕጉ ጠቅላላ ማዕቀፉን ያስቀምጣል፣ ዝርዝሩ ውሉ ላይ ነው የሚሰፍረው። ለዚህ ነው ውሉን ማየት የሚያስፈልገው። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የማዕድንና ነዳጅ ግልጽነት ማኅበር እጩ አባል ሆናለች፤ የማኅበሩ መስፈርት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ወዲህ የተፈረሙ ወይም የተሻሻሉ ውሎች ለሕዝብ ይፋ ይሁኑ ይላል። የሕዝብ ተወካይህን መጠየቅ ከፈለግህ ይህን ጠይቀው። «ስንት በርሜል አለ?» ብለህ ብትጠይቅ በትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ይመልስልሃል፣ ደስ ብሎህ ትመለሳለህ።

እሺ፣ ድሬስ?

እዚህ ላይ ላስከፋህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በአንቀጽ 98 ደግሞ ከከፍተኛ የማዕድን ሥራዎች፣ ከማናቸውም የነዳጅና የጋዝ ሥራዎች የሚገኘውን የገቢ ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራል መንግሥቱና ክልሎች በጋራ ይጥላሉ፣ በጋራ ይሰበስባሉ ይላል። የጋራ ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈል የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጋዙ ያለው ሶማሌ ክልል ነው። ድሬ ደግሞ ክልል አይደለችም፤ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ አስተዳደር ናት። ደንገጎን ወጥተህ ሐረር ስትገባ ከኛ በሕዝብ የምታንስ ከተማ ክልል ሆና፣ ምክር ቤቱ ውስጥም ሰው አላት። በዚህ ላይ ከዚራ በረንዳ ላይ ስንት ጫት እንዳለቀ አንተም ታውቃለህ። የሆነ ሆኖ ለድሬ የሚደርሳት በፌዴራሉ ድጎማ በኩል ነው። የፌዴራሉ ካዝና ሲያብጥ ድጎማው ሊያብጥ ይችላል፣ ግን «ይህ የጋዝ ብር ነው» ተብሎ ተለይቶ አይመጣም።

ለሶማሌ ክልል ወንድሞቻችንም ቢሆን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አንቀጽ 98 በስም የሚጠራው የገቢ ግብርንና ሮያሊቲን ነው። ከላይ በሠራነው ሒሳብ ግን ትልቁ የመንግሥት ድርሻ ከየት ነበር የመጣው? ከምርት ድርሻው፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከ50 ዶላሩ 30ው እሱ ነው። የምርት ድርሻ ግብርም ሮያሊቲም አይደለም። እንደ እኔ አነባበብ ይህ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር ነገ መካሰሻ ይሆናል፤ ገንዘቡ ሳይበዛ ነው ማጥራት። ኬንያ ገና ሽያጩ ሳይጀመር በእ.ኤ.አ. 2019ኙ የነዳጅ ሕጓ ጨርሳዋለች፦ 75 በመቶ ለብሔራዊው መንግሥት፣ 20 ለካውንቲው (የእነሱ ክልል በለው)፣ 5 ለአካባቢው ማኅበረሰብ። ያን ዓመት ከቱርካና በመኪና ወደ ሞምባሳ አመላልሳ 200 ሺህ በርሜል በ12 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። ከዚያ ዝናብ መንገዱን ሰበረው፣ ኮሮና መጣ፣ የመኪናው ሥራ ቆመ። ሕጉ ግን አለ።

መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ቻድን ተመልከት። የዓለም ባንክ ለዶባ ነዳጅ ቧንቧ ሲያበድር ገቢው ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለመንገድ እንዲውል ሕግ አስወጣ፤ 10 በመቶ ለመጪው ትውልድ ይቀመጥ፣ ከሮያሊቲው 5 በመቶ ለዶባ አካባቢ ይሂድ ተባለ። ዓለም አጨበጨበ። ገንዘቡ መምጣት ጀመረ፣ መንግሥት መሣሪያ መግዣ አጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕጉን ቀየረው፣ የትውልዱን ፈንድ ሰረዘው። ባንኩ አኮረፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ብድሩ ተከፍሎት ወጣ። ሕጉን ያስከብር የነበረው የውጭ አበዳሪ ብቻ ስለነበር እሱ ሲሄድ ሕጉም አብሮ ሄደ።

ቤንዚን ይረክሳል ወይ? አይረክስም፣ ቢያንስ በዚህ ምክንያት አይረክስም። ካሉብ በዋናነት ጋዝ ነው፤ ባጃጅ ታንክ ውስጥ አይገባም። ወደ ቤንዚን የሚቀየር ነገር ለማግኘት ድፍድፍና ማጣሪያ ያስፈልጋል። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ የኛ የሆነ ማጣሪያ የለም፤ ጎዴ ላይ ሊሠራ የታሰበው ገና መሠረቱ ነው የተጣለው። ደግሞ ማጣሪያው ቢቆምም ዋጋው የዓለም ዋጋ ነው። ኩባንያው ድርሻውን በዓለም ዋጋ ነው የሚያስበው። መንግሥት የራሱን ድርሻ በርካሽ ልሽጥ ካለ ይችላል፣ ግን ያ ድጎማ ነው፤ ቅድም በጣት የቆጠርነውን ገቢ መልሶ በማደያ በኩል ማፍሰስ ነው። ርካሽ ነዳጅ ድንበር አካባቢ ምን እንደሚሆን ለድሬ ሰው አልነግረውም፤ ማደያ ላይ ሰልፍ ይሆናል፣ ጄሪካኑ ወደ ድንበር ይሄዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በየጊዜው የምታየው ጭማሪም የመጣው ነዳጁ በዶላር ስለሚገዛ ነው።

እና ጥቅሙ የቱ ጋ ነው? እኔ ዓይኔን የምጥለው ማዳበሪያው ላይ ነው። መንግሥት ከናይጄሪያው ኩባንያ ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል፤ የመንግሥት ድርጅት የሆነው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ 40 በመቶ ይዟል፣ ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ በቧንቧ ይመጣል። ይህ ከተሳካ ትልቁ ገቢ የሮያሊቲ መዝገብ ላይ አይታይም፤ በየዓመቱ ለማዳበሪያ ከሚወጣው ዶላር ላይ ነው የሚታየው። ለኤክስፖርት ታስቦ የነበረውን 767 ኪሎ ሜትር የጅቡቲ ቧንቧ አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጅቡቲ ጋር ስምምነት ተፈርሞለት ነበር፣ አልተሠራም። ያን ያህል ቧንቧ ዘርግቶ ከኳታር ጋር በዋጋ ከመጋፋት ጋዙን እዚሁ አገር ውስጥ ማዳበሪያ ማድረግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ብቻ አንድ ነገር፣ ጋዙ ለፋብሪካው በስንት እንደሚሸጥ ይታወቅ። በጣም ረክሶ ከተሸጠ ሮያሊቲውም ከዚያ ላይ ስለሚሰላ ክልሉ ሳያውቀው ድጎማ ከፋይ ይሆናል።

አሁን ቦቴህ።

የፈሳሽ ጋዝ የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ነው። ያንተ ቦቴ ይህን አይችልም፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። የሚጭነው ድርብ ግድግዳ ያለው፣ መሃሉ አየር የተመጠጠ ልዩ ተሳቢ ነው፣ ዋጋውም እንደ ስሙ ልዩ ነው። ሒሳቡን ሥራው፦ 111 ሚሊዮን ሊትር ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 300 ሺህ ሊትር ገደማ ነው። አንዱ ተሳቢ 50 ሺህ ሊትር ቢጭን በቀን 6 መኪና ይጫናል። አንድ ምልልስ ከነመጫኛ ወረፋው ሳምንት ቢፈጅ እንኳ ሥራው በሙሉ የሚፈልገው ወደ 40 መኪና ነው። ይህን ደግሞ አምራቹ ራሱ ወይም አንድ ሁለት ትልልቅ ትራንስፖርተሮች በውል ይይዙታል። ባለ አንድ መኪና እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። የጅቡቲው መስመር ግን በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ቦቴ ይፈልጋል፣ ነገም ይፈልጋል።

ስለዚህ አትሽጥ። ላንተ የሚመጣው ዕድል ከጋዙ ጋር አብሮ የሚወጣው ቀላል ፈሳሽና ምናልባት ድፍድፉ ነው፤ እነሱን ተራ ቦቴ ይጭናቸዋል። መንገዱ በቀብሪ ደሃር፣ በደገሃቡር፣ በጅግጅጋ ዞሮ ሐረር ነው የሚወጣው፤ ከጅቡቲው መንገድ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ማኅበርህ እንዲህ ያለ ጨረታ ሲሰማ ታሪፉ በቶን ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ብቻ አይጠይቅ። ካሉብ ወዳለበት ሺላቦ ድረስ ባዶህን ስትወርድ ናፍጣውን የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ፋብሪካው ለጥገና ቆሞ ወረፋ ላይ ለምትቆምበት ቀን ክፍያ እንዳለ ውሉ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ ጅቡቲህን ያዝ።